ከክሩዝ ወርዳችሁ በጃማይካ ባህር ዳርቻ ከነልጆቻችሁ ፈረስ ለመጋለብ፦ ሙሉ መመሪያ

ልጆች የክሩዝ (የመዝናኛ መርከብ ጉዞ) ቱር ዝርዝር ሲያዩ መጀመሪያ ጣታቸው የሚያርፈው ባህር ውስጥ ገብቶ የቆመ ፈረስ ፎቶ ላይ ነው። አይፈረድባቸውም። እውነትም ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ፎቶው የማይነግራችሁ ብዙ ጉዳይ አለ፤ ከመርከብ ወርዶ ፈረሱ ጋ ለመድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ለስድስት ዓመት ልጅ የሚሆን ሄልሜት መኖር አለመኖሩን፣ ፈረሱ በዚያ ቀን ስንተኛ ሰው እንደሚሸከም አይታይበትም። ቀኑን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ሰዓቱና የፈረሱ ሁኔታ ነው። ሌላው ሁሉ ከነዚህ በኋላ ይመጣል። መመሪያውን የጻፍኩት በጃማይካ ሰሜናዊ ጠረፍ ላይ አተኩሬ ነው፤ አብዛኛው ግን ሌላ ደሴት ላይም ይሠራል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እዚህ ሰዓት የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጠዋት 8፡00 ስል የእኛ 2 ሰዓት ማለቴ ነው። ቤት ውስጥ ሁለቱን እያቀላቀላችሁ የምታወሩ ከሆነ፣ በተለይ እናትና አባት አብረው ከመጡ፣ ለዚያ ቀን በአንዱ ብቻ ተስማሙ።

መጀመሪያ ወደቡን እወቁት

ጃማይካ ሰሜን ላይ ትልልቅ መርከቦች የሚቆሙባቸው ሦስት ወደቦች አሉ፤ ፋልመዝ፣ ኦቾ ሪዮስና ሞንቴጎ ቤይ። የፋልመዙ በ2011 የተከፈተ ሲሆን መርከቡ መድረኩ ላይ ስለሚጠጋ በእግራችሁ ትወርዳላችሁ። ከፋልመዝ ወደ ሞንቴጎ ቤይ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ከግማሽ ሰዓት እስከ 40 ደቂቃ። ወደ ኦቾ ሪዮስ ግን ከሰዓት በላይ መቁጠር አለባችሁ። ስለዚህ ቱሩ "ከፋልመዝ" ቢልም ፈረሶቹ የት እንዳሉ ጠይቁ። አንድ ሰዓት መሄጃ፣ አንድ ሰዓት መመለሻ፣ ከትንንሽ ልጆች ጋር በሚኒባስ... የቀኑ ግማሽ መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው።

ሌሎች ወደቦች ጠባያቸው ይለያል። ግራንድ ኬይማን መርከቡ ወደቡ ላይ አይጠጋም፤ ራቅ ብሎ ይቆምና ቴንደር በሚባሉ ትንንሽ ጀልባዎች ነው የምትወርዱት። እዚያ ወረፋው ብቻውን ጊዜ ይበላል። ባሃማስ ውስጥ ያለችው ሃፍ ሙን ኬይ ደግሞ የሆላንድ አሜሪካና የካርኒቫል መርከቦች የሚያርፉባት ደሴት ናት፤ ፈረሶቹ እዚያው ደሴቷ ላይ ስላሉ የመኪና መንገድ የለም። ልጆቻችሁ በጣም ትንንሽ ከሆኑና ጉዞው ገና ካልተቆረጠ እኔ ወደዚያ የሚሄደውን መርከብ እመርጥላችኋለሁ።

ወቅቱንም አስቡበት። የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ መርከቡ ወደብ ሊዘል ወይም ሊቀይር ይችላል። በፈረንጆቹ ጸደይና በጋ ደግሞ ሳርጋሰም የሚባለው ቡናማ የባህር ሣር አንዳንድ ዳርቻዎች ላይ ተከምሮ ይሸታል። ቱሩን ከመያዛችሁ በፊት ሰዎች በቅርቡ ያነሱትን ፎቶ ፈልጉ።

ሰዓቱን ወደ ኋላ ቁጠሩ

ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ታገሱኝ።

ጃማይካ ሰዓቷን በበጋና በክረምት አትቀያይርም። ፍሎሪዳ ግን ከማርች እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች። ከማያሚ የተነሳ መርከብ የራሱን ሰዓት ካልቀየረ፣ በጁላይ መርከቡ ላይ 4፡30 ሲሆን ጃማይካ ውስጥ ገና 3፡30 ነው። ሾፌሩ "3፡30 ወደብ አደርሳችኋለሁ" ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ በእሱ ሰዓት። በመርከቡ ሰዓት ግን በሩ ሊዘጋ ነው። ስልካችሁ ደግሞ ኔትወርክ ሲያገኝ ሳይነግራችሁ ራሱን ያስተካክላል። በፈረንጆቹ ክረምት ከቴክሳስ፣ ከጋልቨስተን የሚነሳ መርከብ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጃማይካም ሆነች የሜክሲኮዋ ኮዙሜል ከቴክሳስ በአንድ ሰዓት ይቀድማሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ተራ የእጅ ሰዓት ግዙ፣ በመርከቡ ሰዓት ሙሉት፣ እሱን ብቻ እመኑ። ቱሩን ስትይዙም "ይሄ ሰዓት የመርከቡ ነው ወይስ የአገሩ?" ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

አሁን በምሳሌ እንሂድ። መርከቡ 8፡00 ደረሰ እንበል፤ መመለሻው 4፡30፣ መነሻው 5፡00። 8፡00 ደረሰ ማለት 8፡00 ወረዳችሁ ማለት አይደለም። ፈቃድ ተጠይቆ፣ መሰላሉ ወርዶ፣ ወረፋው ቀሎ ወደ 8፡45 ይሆናል። 9፡15 ከወደብ ተነሱ። 10፡00 ገደማ ትደርሳላችሁ። ፎርም መሙላት፣ ሽንት ቤት፣ ሄልሜት መለካት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ፈረስ መስጠት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ከልጆች ጋር ከዚያ በታች አትጠብቁ። 10፡30 ትነሳላችሁ፣ 12፡15 ትወርዳላችሁ፣ ልብስ ቀይራችሁ ውሃ ጠጥታችሁ 12፡45 መኪና ውስጥ። 1፡30 ወደብ ናችሁ። ሦስት ሰዓት ትርፍ አላችሁ። ብዙ ይመስላል፤ ግን ዝናብ ሊጥል፣ ጎማ ሊተነፍስ፣ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት ትርፍ የማይሰጣችሁን ፕሮግራም ተዉት።

የጠዋቱን የመጀመሪያ ዙር ያዙ። ፈረሶቹ አልደከሙም፣ ፀሐዩ ገና አልከረረም። የከሰዓቱ ዙር ርካሽ ቢሆን እንኳ አይሻልም።

በመርከቡ በኩል ወይስ በራስ?

በመርከቡ በኩል የተያዘ ቱር ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፣ ወይም ወደሚቀጥለው ወደብ የማድረሱ ኃላፊነት የኩባንያው ነው። በራሳችሁ ያዛችሁት ቢዘገይ መርከቡ ይሄዳል። መድረኩ ላይ ቆማችሁ ታዩታላችሁ። በራስ መያዝም የራሱ ጥቅም አለው፤ ቡድኑ ያንሳል፣ ዋጋውም አንዳንዴ ይቀንሳል፣ ቤተሰቡ ብቻውን ሊሄድ ይችላል፣ ከባለቤቶቹ ጋርም በቀጥታ ትነጋገራላችሁ።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ፈረሶቹ ከወደቡ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚርቁ ከሆነ፣ ወይም ቴንደር ያለበት ወደብ ከሆነ፣ ወይም ክሩዝ ስትሄዱ የመጀመሪያችሁ ከሆነ የመርከቡን ያዙ። ቅርብ ከሆነና ሰዓቱ ሰፊ ከሆነ በራሳችሁ ብትይዙ ችግር የለውም፤ ግን "መርከቡ ወደቡን ቢዘል ገንዘቤ ይመለሳል ወይ?" የሚለውን መልስ በኢሜይል ያዙ።

ፈረሶቹን አጣሩ

ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ እዚህ ላይ ነው። ጎበዝ ኩባንያ ስትጠይቁት ደስ ይለዋል፣ ደካማው ይሸሻል። እነዚህን ጠይቁ፦

- ልጅ ብቻውን ለመቀመጥ ስንት ዓመት መሙላት አለበት? (ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ስድስትም ስምንትም የሚሉ አሉ)
- የክብደት ገደባችሁ ስንት ነው?
- ለትንንሽ ልጆች የሚሆን የፈረስ ሄልሜት አላችሁ?
- አንድ ፈረስ በቀን ስንት ዙር ይሠራል?
- በመንገድ ላይ የሚጋለበውና ባህር የሚገባው ፈረስ አንድ ነው?
- ባህር ዳርቻው ላይ ስንት ደቂቃ እንቆያለን?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። አንዳንዱ ቱር ስሙ የባህር ዳርቻ ሆኖ አብዛኛው መንገድ በቁጥቋጦ ውስጥ ነው።

የክብደት ገደብ የሌለው ቦታ አትሂዱ። ብዙ የፈረስ ባለሙያዎች የሚይዙት ልክ ፈረሱ ከነኮርቻው ከራሱ ክብደት 20 ከመቶ በላይ አይሸከም የሚል ነው። 400 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ከሆነ ሰውየውና ኮርቻው አንድ ላይ 80 ኪሎ ማለት ነው። ስለዚህ ከበድ የምንል ሰዎች ትልቅ ፈረስ እንደሚያስፈልገን አስቀድመን እንናገር፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ እንስሳው ወገቡን እንዳይታመም ነው። ፎርሙ ላይ ክብደትን መቀነስም ፈረሱን ነው የሚጎዳው።

ቱሪስቶች የለጠፉትን ፎቶ ስታዩ ሰዎቹን ትታችሁ ፈረሱን አጉሉ። ጎድን አጥንቱ ይቆጠራል? ጀርባው ላይ ወይም የኮርቻው ቀበቶ በሚያልፍበት በኩል ፀጉሩ ተመልጧል፣ ቆስሏል? ኮቴው ተሰነጣጥቋል? አገር ቤት የጋሪ ፈረስ ጀርባ ላይ ቁስል ያየ ሰው ይሄን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ደግሞ በጥብቅ፦ ሕፃን ልጅን ከፊት አስቀምጦ አብሮ መጋለብን ቢፈቅዱላችሁም እምቢ በሉ። ፈረሱ ቢደነቅፈው ልጁ የሚወድቀው ከስራችሁ ነው፤ እናንተም በላዩ። ትንሹ ልጅ ከአያቱ ጋር ባህር ዳር ይጫወት። ብዙ ቦታ ለማይጋልብ ሰው ጥላና መቀመጫ አለ፤ ዋጋውን ጠይቁ።

ነፍሰ ጡር የሆነች አትጋልብ። የወገብ ወይም የዳሌ ኦፕሬሽን የተደረገለት ሰው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው፣ እግሩን ከፍቶ አንድ ሰዓት ከመቀመጡ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። እማማም "እኔ ገጠር ነው ያደግኩት፣ ፈረስ አውቃለሁ" ቢሉ እውነታቸውን ነው፤ ግን መውጫና መውረጃ ደረጃ መኖሩን ጠይቁላቸው።

ቤት ሳላችሁ የሚሠራ ሥራ

ልጆቹ ፈረስ ነክተው የማያውቁ ከሆነ ከጉዞው በፊት ሰፈራችሁ አጠገብ ወዳለ የፈረስ ማሰልጠኛ ለአንዲት ግማሽ ሰዓት ውሰዷቸው። ፈረስ ከሩቅ ቆንጆ ነው፤ ከቅርብ ግን ትልቅ ነው፣ ይሸታል፣ ያናፋል። የሚፈራ ልጅ ካለ እዚያው ይታወቃል። ካሪቢያን ሄዶ፣ ተከፍሎ፣ ኮርቻ ላይ ሆኖ ማልቀስ ከጀመረ ለእሱም ለቡድኑም ከባድ ነው።

ፀጉር። ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ሄልሜት ከላይ የተቆለለ ፀጉር ላይ አይገባም፤ ቢገባም አናት ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ አይከላከልም። ሴት ልጆችን ከጉዞው በፊት ወደ ኋላ የተኛ ስስ ሹሩባ ሥሯቸው፤ ጫፉ አንገት ላይ ዝቅ ብሎ ይታሰር። ዶቃ ወይም ወፍራም ጌጥ ከሄልሜቱ ስር ይወጋል። ስስ ሻሽ ከስር ማሰር ጥሩ ነው፣ ላብም ይመጥጣል፤ የሚንጠለጠል ነጠላ ወይም ስካርፍ ግን አይሆንም። ቀለበት የመሰለ ትልቅ ጉትቻም ይውለቅ።

ልብስ። ረጅም ላስቲክ ሱሪ፣ ከስሩ የዋና ልብስ። ጂንስ ከረጠበ ጭን ይልጣል። ጫማ ጣት የሚሸፍን፣ ትንሽ ተረከዝ ያለው ይሁን፤ እግር ከእርካብ ሾልኮ እንዳያልፍ የሚይዘው ተረከዙ ነው። ነጠላ ጫማና ክሮክስ አይሆንም። ለመመለሻ ደረቅ ልብስና ሁለተኛ ጫማ ያዙ። የፀሐይ ክሬም ስትቀቡ የእጅ ጀርባን፣ አንገትንና ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ባት አትርሱ፤ ኮርቻ ላይ ስትቀመጡ ሱሪው ወደ ላይ ይሰበሰባል።

ምግብ። ስፕሪንግ ብሬክ ብዙ ጊዜ ዓቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃል። እስከ ከሰዓት ሳይበሉ የሚጾሙ ካሉ በዚያ ሙቀት ውስጥ ሳይበሉና ሳይጠጡ ፈረስ ላይ መቀመጥ ራስ ያዞራል፤ ወይ ቀኑን ይቀይሩ ወይ ዳር ሆነው ይጠብቁ። ልጆቹ ቁርስ በልተው ይውረዱ። ከመርከቡ ቡፌ ፍራፍሬና የበሰለ ምግብ ይዞ መውረድ ክልክል ነው፤ በፋብሪካ የታሸገ ብስኩት ወይም ለውዝ ግን ብዙ ጊዜ ችግር የለውም።

ወረቀት። የአሜሪካ ዜጎች ከአሜሪካ ተነስቶ እዚያው በሚመለስ ክሩዝ ላይ በልደት ሰርተፊኬትና በመታወቂያ መሄድ ይችላሉ። ግን መርከብ ካመለጣችሁ በአውሮፕላን ለመመለስ ፓስፖርት የግድ ነው፤ ለልጆቹም አውጡ። ግሪን ካርድና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ካለ መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ቪዛ ያስፈልግ እንደሆነ ከኩባንያው አረጋግጡ፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት። ኢንሹራንሳችሁም ከአሜሪካ ውጭ የሚሠራ መሆኑን፣ ፈረስ መጋለብን የሚያካትት መሆኑን አንብቡ። አንዳንዱ በስም ለይቶ ያስወጣዋል።

ዕለቱን

ከሾፌሩ ጋር ወሬ መጀመራችሁ አይቀርም። ጃማይካ ውስጥ "ከኢትዮጵያ ነን" ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ያረፉበት ቀን፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1966፣ ዛሬም በራስታዎች ዘንድ ይከበራል። ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ሰው ለምን እንዲያ ደስ እንዳለው ይገባቸዋል። አክብሮታችሁም አይለያችሁ፤ ለብዙዎቹ ጉዳዩ ሃይማኖት ነው።

ቦታው ስትደርሱ መጀመሪያ ፈረሶቹን እዩ። ጥላ ስር ናቸው? ውሃ አላቸው? የቆሰለ፣ የሚያነክስ ወይም የተጎሳቆለ ፈረስ ከተሰጣችሁ "ሌላ ይሰጠን" በሉ። ሌላ ከሌለ አትጋልቡ። ገንዘቡ ይቅር፤ ለልጆቹም ምክንያቱን ንገሯቸው።

ሄልሜቱ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ይቀመጥ፤ ራስን ስትነቀንቁ አይንቀሳቀስ። የብስክሌት ሄልሜት ለፈረስ አልተሠራም። ልጁ ከመውጣቱ በፊት አስጎብኚው የኮርቻውን ቀበቶ ሲያጠብቅ እዩ፤ ጥቂት ከሄዳችሁ በኋላ እንደገና እንዲያየው ጠይቁ፤ ብዙ ፈረስ ሲታሰር ሆዱን ይነፋና በኋላ ቀበቶው ይላላል።

ለልጆቹ ደግሞ ይሄን ንገሯቸው። ከፈረስ ኋላ አትለፉ። የምትወጡት ከግራ በኩል ነው። ተረከዝ ወደ ታች፣ ዓይን ወደ ፊት። ልጓሙን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ። ስትፈሩ በእግራችሁ አትጨብጡት፤ ፈረሱ "ሂድ" የተባለ ይመስለዋል። ለማቆም ትንሽ ሳብ፣ ከዚያ ልቀቁ። ከፊት ካለው ፈረስ የአንድ ፈረስ ርዝመት ራቁ፤ ብዙ እርግጫ የሚመጣው ከመጠጋት ነው። ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ፣ ዳገት ላይ ወደ ፊት ዘንበል። አስጎብኚው ሶምሶማ ቢያስጀምር እንኳ ካልፈለጋችሁ "እኛ በእርምጃ ነው የምንሄደው" ማለት መብታችሁ ነው። ፈጣን ግልቢያ ለጀማሪ አሸዋ ላይም ቢሆን አይሆንም።

ልጆች የፈረሱን ስም መጠየቅ ይወዳሉ። ያኔ የአጼ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም አባ ታጠቅ፣ የአጼ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የባልቻ ሳፎ አባ ነፍሶ እንደነበረ አጫውቷቸው። መንገዱ ያጥራል።

ባህሩ ውስጥ

ብዙ ቦታ ፈረሱ ውሃ ከመግባቱ በፊት ኮርቻው ይወልቃል፤ ስስ ፍራሽ ላይ ወይም ባዶ ጀርባ ላይ ትቀመጣላችሁ። እርጥብ ጀርባ ያንሸራትታል። ጋማውን ወይም የተሰጣችሁን ማሰሪያ ጨብጡ፤ ልጓሙን ለሚዛን አትጎትቱ፣ አፉን ያመዋል። ፈረሱ መዋኘት ሲጀምር ከስራችሁ ይነሳል፣ እግሮቹ በኃይል ይቀዝፋሉ፤ ድንገት ያስደነግጣል፣ ከዚያ ይለመዳል። ብትወድቁ ከእግሮቹ ወደ ጎን ራቁ።

ይሄን ምልክት እወቁ። ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ቆሞ በፊት እግሩ ውሃውን መደብደብና መቆፈር ከጀመረ ሊተኛና ሊንከባለል ነው። ለፎቶ አትቁሙ። ወዲያው ወደ ፊት ንዱት፣ አስጎብኚውን ጥሩ። ልጅ ላይ ሲሆን አንድ ሰው ፈረሱን በእጁ ይዞ አብሮ ይግባ፤ ይሄን የማያደርጉ ከሆነ ልጁ ዳር ይቅር። መዋኘት የማይችል ሰው የሕይወት ጃኬት ይጠይቅ፣ ወይም ጉልበት በሚደርስ ውሃ ላይ ይቁም።

ስልክ እጃችሁ ላይ አይሁን። ብዙ ጊዜ ፎቶ የሚያነሳ ሠራተኛ አለ፤ ዋጋውን ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፣ መጨረሻ ላይ ልጆቹ ፎቶውን አይተው ሲለምኑ መከራከር አይቻልም።

ስትመለሱ

ልጁን ይዞ ለመራው ሰው ጉርሻውን በእጁ ስጡት፤ ዶላር ይሠራል፣ ትንንሽ ኖት ያዙ። በቀጥታ ወደ ወደብ ሂዱ፤ ገበያውን እዚያው መድረኩ አጠገብ ታገኙታላችሁ፣ መርከቡም ፊት ለፊታችሁ ይሆናል።

ካቢን ስትገቡ ጫማችሁን ከነጭቃው ሻንጣ ውስጥ አታስገቡ። ሶሉን በብሩሽና በሳሙና አጥባችሁ አድርቁት። አሜሪካ ስትገቡ የጉምሩክ ጥያቄዎች ውስጥ ከብት ወይም የቤት እንስሳት አጠገብ ነበራችሁ ወይ የሚል አለ፤ ፈረስም ይቆጠራል። "አዎ፣ ጃማይካ ፈረስ ጋልበናል፣ ጫማውን አጥበነዋል" በሉ። ጫማውን ከፈለጉ እንዲያዩት ከሻንጣው ላይኛው በኩል አድርጉት።